በሌለበት ተወሰነ

የደንካርዲ ዩኒቨርሲቲ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ኢነስ ካልደርን ለዘለቄታው ሲያባርር፣ ልጁ ከወደቡ ግንብ ሥር፣ ባሕሩ ሸሽቶ ባጋለጠው ድንጋይ ላይ በጀርባው ተንጋሎ ሞቶ ነበር። ኮሚቴው ይህን አላወቀም። ያወቀው እንዳልመጣ ብቻ ነው። ሊቀ መንበሩ ፕሮፌሰር ሄክተር ኦክተርሎኒ ሻያቸውን እስኪጨርሱ ጠበቁት፤ ከዚያ «ያልቀረበ ሰው መከላከያ የለውም ማለት ነው» አሉና በሌለበት ወሰኑበት።

እናቱ ሞይራ ከበሩ ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር። ዓሣ በጭስ የሚደርቅበት ቤት የምትሠራ፣ ከሰሜን በኩል ካለች ትንሽ የወደብ መንደር በአውቶቡስ የመጣች ሴት ናት። የመጣችውም ልጇ «ነይና ስወጣ ተቀበይኝ» ስላላት ነው። ፕሮፌሰሩ ውሳኔውን የነገሯት ኮታቸውን እየደረቡ ነበር። ልጇ የፈተና መልስ ሰርቆ መገኘቱን፣ ከዛሬ ጀምሮ የዩኒቨርሲቲው ተማሪ አለመሆኑን፣ ዕቃውን ከመኝታ ክፍሉ እንዲያወጣ ብታግዘው ጥሩ እንደሚሆን አስረዷት። እሷ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«እሱስ የታለ?»

መልሱ የመጣው ውሻዋን ልታንሸራሽር ወደ ግንቡ ከወጣች አንዲት ሴት ነው፤ ቁልቁል አየችና ፖሊስ ጠራች።

ጉዳዩ ለኢንስፔክተር ኢሽቤል ሬይ ተሰጠ። ኢሽቤል አጭር፣ ደልደል ያለች፣ ከኮቷ ኪስ የአጃ ብስኩት የማይጠፋ ሴት ናት። ሰው ሲያወራት ዓይን ዓይኑን አታይም፤ እጅ እጁን ነው። ብዙም አትጠይቅም። ዝም ስትል ግን ሰው ዝምታዋን ለመሙላት ሲል የማይገባውን ይናገራል። ባልደረቦቿ «ኢሽቤል ዘንድ ስትሄድ አፍህን ቤት ትተህ ሂድ» እያሉ ይቀልዱባታል።

ቀድሟት የደረሰው ፖሊስ ነገሩ ግልጽ ነው አላት። ሊባረር የነበረ ተማሪ ነው፤ ኀፍረቱን አልቻለም፤ ዘለለ። ኢሽቤል ሳትመልስለት ሬሳው አጠገብ ተንበረከከች። የራስ ቅሉ የተሰበረው ከኋላ ነው። የኮቱን ጀርባ ድንጋዩ ላይ የተጣበቀው ዛጎል ቦጫጭቆታል፤ ፊቱና መዳፎቹ ግን ጭረት እንኳ የላቸውም። አንገቱ ላይ አረንጓዴ የሱፍ ከረባት አለ፤ ቋጠሮው እኩል ወጥቶ፣ እስከ ኮሌታው ድረስ ልክክ ብሎ ታስሯል። ሬሳውን አስሸፈነች፤ ከዩኒቨርሲቲው ማንም ሰው እንዳይጠጋ፣ ስለ ልብሱም ለማንም እንዳይወራ አዘዘች። ከዚያ ግንቡ ላይ ወጣች። ከመከለያው ሥር አንድ ጠፍጣፋ የካርቶን ሳጥን ተከድኖ ተቀምጧል። ነፋስ እንዳይወስደው ድንጋይ ተጭኖበታል። ከፈተችው፤ ባዶ ነው።

ሳጥኑን ስታሳያት ሞይራ በሁለት እጇ ተቀብላ ጭኗ ላይ አኖረችው።

«የአባቱ ከረባት ነው» አለች። «ከሞተ ጀምሮ ቁም ሣጥን ውስጥ ነበር፤ ኢነስም መኖሩን አያውቅም። ትናንት ማታ ያረፍኩበት ቤት መጥቶ ሲያድር ሰጠሁት።»

«ማሰር ይችላል?»

«የት አይቶ? እኔም አልችልም። ባሌ ራሱ ነበር የሚያስረው። እንዴት ልታደርግ ነው ብለው፣ የሚያስርልኝ ሰው አላጣም አለኝ። ጠዋት ሳልነቃ ወጥቷል።»

ኢሽቤል ማታውን ከማን ጋር እንዳወራ ጠየቀቻት። ከማንም ጋር አላወራም፤ ሾርባ ጠጡ፣ ስለ ጎረቤቶች ተሳሳቁ፣ ተኙ። ፖሊስ ስልኩን ሲያየው ከዚያ በኋላ ለማንም አልደወለም፣ ለማንም አልጻፈም።

በኢነስ ክስ ዙሪያ የነበሩት አራት ሰዎች ናቸው። ኢሽቤል በየቢሯቸውና በየክፍላቸው እየሄደች አነጋገረቻቸው።

የመጀመሪያዋ የከሰሰችው የኬሚስትሪ መምህርቷ ዶክተር ግሪር መንሮ ናት። ቀጭን፣ ፈጣን፣ ስትናገር እስክሪብቶ የምትሰብቅ ሴት ናት። ጠዋት ጠዋት ከግንቡ ማዶ ባሕር ውስጥ ትዋኛለች፤ በዚያ ጠዋትም ዋኝታለች፤ ማንንም አላየችም። ከሳሽ ሆና ሳለ ኮሚቴው ውስጥ እንዴት ለዳኝነት እንደተቀመጠች ኢሽቤል ስትጠይቃት፣ ጥያቄው ራሱ አስገረማት። ነገሩን ከእሷ የበለጠ የሚያውቅ የለም፤ ታዲያ ማን ይቀመጥ?

«ምኑን ነው የሚያውቁት?» አለቻት ኢሽቤል።

«ለፈተናው መጀመሪያ ባዘጋጀሁት መልስ ላይ ሁለት አኃዝ አቀያይሬ ጽፌ ነበር። በኋላ አረምኩት። ይህ ልጅ ፈተናው ላይ የጻፈው ያንኑ የተሳሳተውን ቁጥር ነው። ሰው በአጋጣሚ ሊሳሳት ይችላል፤ የእኔን ስህተት ግን በአጋጣሚ አይሳሳትም። ወረቀቴን አይቷል።»

«ያንን ወረቀት ሌላ ማን አይቷል?»

«ከራሳችን ሰዎች በቀር ማንም።»

«ከራሳችሁ ሰዎች ማን?»

«እሱ የትምህርት ክፍሉ የውስጥ ጉዳይ ነው» አለች ግሪር፤ እስክሪብቶውንም ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

ፕሮፌሰር ሄክተር ደግሞ ረጅም፣ ጸጉራቸው የነጣ፣ ድምፃቸው እንደ ደወል የሚያስተጋባ ሰው ናቸው። እርሳቸውም ጠዋት ጠዋት በግንቡ በኩል በእግራቸው ይሄዳሉ፤ ይህንንም ሳይጠየቁ ተናገሩ። ሙት ወቃሽ አያድርጋቸው እንጂ፣ የልጁ ነገር ከመጀመሪያው ያለቀ ነበር። እርሳቸውና ዶክተር መንሮ ባለፈው ሳምንት ኮሪደር ላይ ተነጋግረው ጨርሰውታል።

«ልጁ ሳይሰማ?»

«እንዲህ ያለ ነገር ሽታው ያስታውቃል ኢንስፔክተር።»

«ታዲያ ለምን ጠራችሁት?»

«ደንቡ ስለሚል» አሉ ፕሮፌሰሩ፤ በእውነትም ሌላ ምክንያት አልመጣላቸውም። ያም ሆኖ እንደገና እንዲቀጠርለት አስበው ነበር አሉ። ሐሳባቸውን ያስለወጣቸው አስጠኚው ቶርክዊል ነው። ከልጁ ጎን ቆሞ ሊከራከርለት ስሙን ያስመዘገበው እሱ ነበር፤ ጠዋት ብቻውን መጥቶ ኢነስ ጥፋቱን መቀበሉንና እንደማይመጣ ነገራቸው። ለመወሰን የቸኮሉትም ለዚያ ነው።

ሦስተኛዋ ፊኖላ ጋው ናት። በፈተናው ከኢነስ ጎን ተቀምጣ የነበረች፣ «ቶሎ ጨርሶ ሲስቅ አይቻለሁ» ብላ ለኮሚቴው የመሰከረች ተማሪ ናት። በክፍሉ ልጆች የስልክ ቡድን ላይ «ሌባው ነገ ይታረዳል፤ መግቢያ በነጻ» ብላ የጻፈችውም እሷ ናት። ኢሽቤል ይህን ስታነብላት ፊኖላ ቀልድ ነው አለች። ጽሑፉን የወደዱትን ልጆች ብዛትም ነገረቻት።

«ትናንት ከሰዓት በኋላ ምግብ ቤት ውስጥ ተጣልታችኋል አሉ» አለቻት ኢሽቤል።

«እኔ አልተጣላሁም። እሱ ነው የመጣው። ከፈተናው በፊት እንዲህ ያለ ጥያቄ ያስጠናሽ ሰው አለ ወይ አለኝ። ሳቅሁበት። አንተን ያስጠናህ ማነው፣ ስሙን ጥራ አልኩት።»

«ጠራልሽ?»

«መጀመሪያ ለራሱ ሳልነግረው፣ የሚለውንም ሳልሰማ፣ ስሙን ለሌላ ሰው አላነሣም አለኝ። እንዲህ ያለ ጅል ነው እንግዲህ።» ፊኖላ ትከሻዋን ነቀነቀች። «ሾርባዬን እላዩ ላይ ደፋሁበት። ልብሱ ላይ ነው፣ ፊቱ ላይ አይደለም።»

የመጨረሻው ቶርክዊል ቤርድ ነበር። የዶክትሬት ተማሪ ነው፤ ታናናሾቹን በማስጠናት ስም ያወጣ፣ ያስጠናቸው ልጆች ውጤት ካማረ የረዳት መምህርነት ቦታ ሊሰጠው ቃል የተገባለት ጎበዝ ነው። ዓይኑ በልቅሶ አብጧል፤ ልቅሶውም የውሸት አልነበረም። ኢነስን እንደ ታናሽ ወንድሙ ያየው እንደነበር፣ ለመጨረሻ ጊዜ የተገናኙት በውሳኔው ዋዜማ ቀትር ላይ እንደሆነ፣ ያኔም ልጁ ተስፋ ቆርጦ እንደነበር ነገራት። ኢሽቤል ብስኩቷን እየቆረሰች ዝም አለች። ቶርክዊል ዝምታው ከበደው።

«ምን ተስፋ ይኖረዋል?» አለ። «የሞተ አባቱን ከረባት አስሮ በሰው ፊት ሊዋረድ የሚሄድ ልጅ፣ ምን ተስፋ ይኖረዋል?»

ኢሽቤል እጆቹን አየች። የአንዱን እጅ ጣት በሌላው እጅ ጣቶች እየጠመዘዘ ነበር። አመሰገነችውና ወጣች። ከዚያ ወደ ግሪር ቢሮ ተመልሳ በሩን ዘጋች፤ ስትወጣ ግሪር ጠረጴዛዋ ላይ ተደፍታ ነበር።

በማግሥቱ ሁሉንም ያ ውሳኔ በተሰጠበት ክፍል ሰበሰበቻቸው። ረጅሙ ጠረጴዛ፣ ከኋላው የኮሚቴው ወንበሮች፣ ከፊት ለፊቱ ለተከሳሽ የተቀመጠች አንዲት ወንበር። ያቺ ወንበር ባዶዋን ቀረች። ሞይራ ከግድግዳው ጥግ ተቀመጠች። ሁለት ፖሊሶች በሩ ላይ ቆሙ። ፕሮፌሰር ሄክተር ይህ በየትኛው ደንብ እንደሚደረግ ጠየቁ፤ ኢሽቤል ዛሬ በዚህ ክፍል ሰው ሳይሰማ እንደማይፈረድበት፣ የምትጀምረውም ከሟቹ እንደሆነ መለሰችላቸው።

«ሊሞት የሚሄድ ሰው ባዶ ካርቶን ነፋስ እንዳይወስድበት ድንጋይ አይጭንም» አለች። «ኢነስ ሳጥኑን ሊመለስበት ነው ያስቀመጠው። ከረባቱን ያወጣውም እዚያው ግንቡ ላይ ነው። ማሰር ግን አይችልም፤ እናቱም አትችልም። ቋጠሮው ደግሞ እንደ ሙሽራ አምሮ ታስሯል። ስለዚህ ግንቡ ላይ ያሰረለት ሰው አለ።»

ወደ ባዶዋ ወንበር አመለከተች።

«ለሰው ከረባት የሚያስር ሰው ፊት ለፊት ይቆማል። ኢነስ ጀርባውን ለባሕሩ ሰጥቶ፣ አገጩን ቀና አድርጎ ቆሟል። የወደቀው በጀርባው ነው። ራሱን የሚጥል ሰው ወደሚወድቅበት ይዞራል፤ ይህ ልጅ ግን ሲወድቅ ሰው ፊት እያየ ነው የወደቀው። ያሰረለት ሰው ቋጠሮውን ጨረሰና ገፋው።»

ሞይራ ሁለት እጇን አፏ ላይ ጫነች። ኢሽቤል ቆም ብላ ጠበቀቻት፤ ከዚያ ወደ ሌሎቹ ዞረች።

ግንቡ ጋ ማን ሊሆን እንደሚችል ስታሰላ፣ ፕሮፌሰሩ በዚያ ያልፋሉ፣ ዶክተሯ እዚያ ትዋኛለች፣ ፊኖላም የት እንደነበረች የመሰከረላት የለም። ግን ሰው አንገቱን ለማን ይሰጣል? ለሚከሰው አይሰጥም፤ ለሚፈርድበት አይሰጥም፤ ሾርባ ለደፋችበት ልጅም አይሰጥም። የሚሰጠው ለሚያምነው ሰው ነው። ለምን እንደተገደለ ደግሞ ፊኖላ ነግራታለች፤ ምን እንደተናገረች ግን ራሷ አልገባትም። ኢነስ ክሱን ሲያነብ ያ ቁጥር ከየት እንደመጣለት ትዝ ብሎታል። የሚያስጠናው ሰው ነው የሰጠው። ለኮሚቴው ከመናገሩ በፊት ግን መጀመሪያ ለራሱ ለሰውየው ነግሮ የሚለውን ሊሰማ ወሰነ።

«ዶክተር መንሮ» አለች ኢሽቤል። «ትናንት ለኔ የነገሩኝን ለነሱም ይንገሯቸው። ያንን የመጀመሪያ ወረቀት ማን አይቶታል?»

ግሪር ጠረጴዛውን እያየች ተናገረች። «ስህተት ካለው እንዲያይልኝ ለቶርክዊል ሰጥቼው ነበር። ስህተቱን አላየውም። ሰው አየው ወይ ሲሉኝ... እሱን እንደ ሌላ ሰው አልቆጠርኩትም። የራሳችን ነው።»

ቶርክዊል ሊነሣ ሲል አንዱ ፖሊስ ትከሻውን ያዘው።

«ሁለት ነገር ተናግረሃል» አለችው ኢሽቤል። «አንደኛው ለኮሚቴው የነገርከው ነው፤ ጥፋቱን ተቀብሏል፣ አይመጣም አልክ። እናቱን ስወጣ ተቀበይኝ ብሎ በር ላይ ያስቀመጠ ልጅ አይመጣም? ሁለተኛው ለኔ የነገርከኝ ነው። ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁት በዋዜማው ቀትር ነው አልከኝ። የአባቱን ከረባት ግን እናቱ የሰጠችው ማታ ነው፤ እሱ ራሱ መኖሩን አያውቅም ነበር። ከዚያ በኋላ ለማንም አልተናገረም። ሬሳውንም ከእናንተ ያየው የለም። የአባቱ መሆኑን ማን ነገረህ ቶርክዊል?» ወንበሯን ወደ እሱ አስጠጋች። «ተናገር። እኔ እሰማሃለሁ፤ እስክትጨርስም አላቋርጥህም።»

ቶርክዊል በተረጋጋ ድምፅ ተናገረ። በመጨረሻው ጥናት ዕለት ዝናቡ ከባድ ስለነበር የመጣው ኢነስ ብቻ ነበር። የግሪርን ጥያቄ ከነመልሱ እንደ ምሳሌ አድርጎ ሰሌዳው ላይ ሠራለት፤ ልጁ ጥሩ ውጤት እንዲያመጣ ነበር የፈለገው። ክሱ ሲመጣ ከጎኑ እንዲቆም ስሙን ያስመዘገበው፣ ጥፋተኛ ነኝ ብሎ ቢለምን ይምሩታል እያለ ሊመክረው ነው። ኢነስ ግን ያልሠራሁትን አልልም አለ። ስለዚህ ቶርክዊል በዋዜማው ቀትር ሲገናኙ፣ ነገ ጠዋት የምትናገረውን እንለማመድ ብሎ ግንቡ ላይ ቀጠረው።

«ቁጥሩ ያንተ ነው አለኝ» አለ ቶርክዊል። «ከኋላህ ማማት ስላልፈለግኩ ነው፤ ምናልባት ያልገባኝ ነገር ካለ አንተው አስረዳኝ፣ አብረን እንነግራቸዋለን አለ። አልተቆጣም። ቢቆጣ... ቢሰድበኝ... ከረባቱን ሰጠኝና የአባቴ ነው፣ አሳምረህ እሰርልኝ አለኝ። አሰርኩለት። እንዴት ነው፣ አምሮብኛል? አለኝ።»

«ምን አልከው?» አለች ሞይራ ከጥጉ። በዚያ ቀን ድምፅዋን ሲሰሙ የመጀመሪያቸው ነበር።

ቶርክዊል ቀና ብሎ አላያትም። «አዎ አልኩት» አለ።

ወሰዱት። በሩ ሲዘጋ ፕሮፌሰር ሄክተር ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ለእናቲቱ የተሰማቸውን ጥልቅ ኀዘን ገለጡ። ሞይራ ኀዘናቸውን እንዳልጠየቀቻቸው፣ የምትፈልገው ልጇን ሌባ ያሉበት ውሳኔ እንዲሰረዝላት እንደሆነ ነገረቻቸው። ፕሮፌሰሩ ይህ ትንሽ ችግር እንዳለበት አስረዱ። ውሳኔ የሚሻረው በይግባኝ ነው፤ ይግባኝ የሚለው ደግሞ ተማሪው ራሱ፣ በአካል ቀርቦ ነው፤ እናት በልጇ ስም ልትቀርብ አትችልም።

«ሞቷል እኮ» አለች ሞይራ።

«አውቃለሁ። ደንቡ ሲወጣ እንዲህ ያለ ነገር አልታሰበም።»

«እንዳልሰረቀ ግን ያውቃሉ። አሁን በጆሮዎ ሰምተዋል።»

«እኔ እንደ ሰው አውቃለሁ እመቤቴ። ኮሚቴው ግን የሚያውቀው የወሰነውን ነው» አሉ፤ ኮታቸውን አንሥተው ወጡ። ፊኖላም ስልኳን እያየች ተከተለቻቸው። ኢሽቤል ሰው ማሰር ትችላለች፣ ደንብ ማሰር ግን አትችልም።

ግሪር ቦርሳዋን ይዛ ስትነሣ ሞይራ ክፍሉን አቋርጣ ሄደችና በዚያች ባዶ የቀረች ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«እርስዎ አይሂዱ» አለቻት። «ትናንት ልጄ ቢመጣ ኖሮ ምን ሊጠይቁት ነበር? ያንን እኔን ይጠይቁኝ።»

ግሪር ወደ ኢሽቤል አየች። ኢሽቤል መስኮቱን ነበር የምታየው። ግሪር ተመልሳ ከጠረጴዛው ኋላ ተቀመጠች፤ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አደረገች። በመጨረሻ ስትናገር ያናገረችው ሴትዮዋን አልነበረም።

«ይህን ቁጥር ከየት አገኘኸው?» አለች።

«ቶርክዊል አስጠንቶኝ ነው» አለች ሞይራ።

ግሪር ቀጣዩን ጥያቄ ፈለገች፤ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ ምንም አልመጣላትም።

«ይኸው ነው?» አለች ሞይራ።

«ይኸው ነው» አለች ግሪር።